የቻሌ ጾም በየኔታ ትከሻ

ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ላይ፣ ወደ ማታ ገደማ ለውዝ የሚቆሉ ሴቶች ይቀመጣሉ። ከሰል ላይ መጥበሻ ጥደው በማንኪያ እያገላበጡ ያመሻሉ። ሰው ያቺን በወረቀት የተጠቀለለች ለውዝ እየገዛ፣ ጥንድ ጥንድ እየሆነ፣ ውኃውን እያየ ይሄዳል። ለሌላው ሰው ለውዝ የሽርሽር ሽታ ነው። እኔ ግን ለውዝ ሲሸተኝ ትዝ የሚለኝ ትራስ ነው፤ የታናሽ ወንድሜ የቻሌ ትራስ።

በቀደም ከአንዲት ሴትዮ ገዝቼ ገና አንዱን ፍሬ አፌ ላይ ሳደርግ ብቻዬን ሳቄ መጣ። ሴትዮዋ ቀና ብላ "ምነው እቴ፣ በደህና ነው?" አለችኝ። "ደህና ነኝ፤ አንድ ክረምት ትዝ ብሎኝ ነው" አልኳት። እሷ ሥራ ስለነበረባት አልጠየቀችኝም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

አገራችን ከሐይቁ ወዲያ ማዶ፣ ሲወርዱት ሲወርዱት የሚገኝ ቆላ ነው። አባቴ ደምሰው ማሽላና ለውዝ ያርስ ነበር። እኔ አሥር ዓመት ሆኖኝ፣ ቻሌ ደግሞ ስድስትን እንደያዘ፣ አካባቢያችን ተኩስ ገባ። ቤት ተቃጠለ፤ ሰው የሚይዘውን ይዞ፣ የማይያዘውን ጥሎ ወጣ። አባቴ እናቴን፣ ቻሌንና እኔን በሰው የተሞላ የጭነት መኪና ላይ እንደምንም አስገባን። ለእሱ ቦታ አልተገኘም። "ሂዱ፣ በእግሬ እደርስባችኋለሁ" አለን። አነጋገሩ ወደ ገበያ ቅደሙኝ እንደሚል ሰው ነበር። አባቴ ደግሞ እደርሳለሁ ካለ የሚደርስ ሰው ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር በገባን ማግስት እኔና ቻሌ ፊታችንን ታጥበን በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። አልመጣም። ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌም አለቀ፤ ስልኩ አይሠራም፤ አየሁት የሚል ሰውም ጠፋ።

ያረፍነው ሐይቁ አጠገብ ካለ ትምህርት ቤት ነበር። ክረምት ስለሆነ ተማሪዎቹ ተበትነዋል፤ ለተፈናቃዮች ክፍል ክፍል ተሰጠ። ለእኛ የደረሰን "3ኛ ሐ" የሚል በሩ ላይ የተጻፈበት ክፍል ነው። እኔ ሁለተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነበር ከአገሬ የወጣሁት። አንዱ ሰውዬ "እናንተ ሦስተኛ ሐ ግቡ" ሲለን ሳልፈተን ያለፍኩ መሰለኝ። ቻሌ እንኳ ገና ፊደል ሳይቆጥር ሦስተኛ ክፍል መግባቱ ትንሽ አበሳጭቶኝ ነበር። አራት ቤተሰብ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ዴስኮቹን እንደ ግድግዳ ደርድረን ኖርን። የእኛ ጥግ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ነው። ሰሌዳው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ በጠመኔ ተጽፎ ቀርቷል። እናቴ የሰው ዕቃ ነው ብላ ማንም እንዳይነካው ከለከለች፤ በዚህ ምክንያት እኔ እስከ ዛሬ የሰባትን ማባዣ የማውቀው ተኝቼ በማየት ነው።

እርዳታ የሚያመጡት ሰዎች ሰደርያ ይለብሳሉ። የአንዱ ድርጅት ሰማያዊ ነው፣ የሌላው ነጭ፣ የሌላው ብርቱካናማ። እኔና ቻሌ ተመካክረን ሰማያዊ የለበሱት ዲያቆናት፣ ነጭ የለበሱት ቄሶች፣ ብርቱካናማዎቹ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሉ መነኮሳት ናቸው ብለን ወሰንን። ብርቱካናማ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ቻሌ ቆቡን አውልቆ እጅ ይነሣ ነበር። አንድ ቀን አንዱን ጀሪካን የሚያወርድ ብርቱካናማ "ይባርኩኝ" ሲለው ሰውዬው ግራ ገብቶት አንድ ሳሙና ጨመረለት። ከዚያ በኋላ ማን ያሳምነን?

ግቢው መሀል ትልቅ ነጭ ድንኳን ተተክሎ ነበር፣ ለልጆች መጫወቻ። ኳስ አለ፣ ገመድ አለ፣ የቀለም እርሳስ አለ። አንድ ደግ ወጣት ያጫውተናል። አንድ ቀን ቤታችሁን ሣሉ አለን። ቻሌ ቤት ሣለ፤ ግድግዳው ቀይ፣ ጣሪያው ቀይ፣ በሬው ቀይ፣ ሰማዩም ቀይ። ወጣቱ ወረቀቱን ይዞ ፊቱ ጠቆረ። ከቻሌ ፊት በርከክ ብሎ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ "ቤቱ ለምን ቀይ ሆነ፣ የኔ ጌታ?" አለው። ቻሌ ወደ እኔ ጠቆመና "ሌላውን ቀለም ሁሉ ትርንጎ ይዛዋለች" አለ። እውነቱን ነው፣ በቀሚሴ ሸፍኜ ይዤው ነበር።

ከሰደርያዎቹ ሁሉ እኛ የምንወዳት ሲስተር ነጃት ነበረች። ነርስ ናት፤ ከድሬዳዋ ለሥራ የመጣች፣ ሻሽዋን እንደ አበባ የምታስር፣ ስትናገር የምትፈጥን፣ ስትስቅ ደግሞ ድምፅዋ ሦስተኛ ሐ ድረስ የሚሰማ። በየሳምንቱ ትንንሾቹን ልጆች ታሰልፍና የክንዳቸውን ውፍረት በአንዲት ቀጭን ፕላስቲክ ትለካለች። ፕላስቲኳ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አላት። እኛ ፈተና ነው ብለን ስለምናምን አረንጓዴ የወጣለት "አለፍሁ!" እያለ ይዘላል። ቻሌ ቢጫ ወጣለት። አላፈረም፤ "ቢጫ የአደይ አበባ ነው፣ ይበልጣል" ብሎ ግቢውን ዞረ። እናቴ ግን ፊቷን ግቢው ውስጥ ወዳለው ዋርካ አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

ለቢጫዎቹ ምግብ መጣ። ብርማ ከረጢት ውስጥ ያለ፣ ጥጉ ተቀድዶ የሚጨመቅ የለውዝ ምግብ ነው። ሲስተር ነጃት ልጆቹንና እናቶቹን ሰብስባ፣ አንዱን ከረጢት ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በደስታ እንዲህ አለች፦ "ይሄ ለውዝ ነው፤ ዘይት አለው፣ ስኳር አለው። ደግሞ ጥሩ ወተት አለበት!"

እናቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዕለቱ ነሐሴ አንድ ነበር፤ ፍልሰታ የገባችበት ቀን።

ፍልሰታን የማያውቅ ሰው ወላጅ ልጁን የሚያስጾም ይመስለው ይሆናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እናት ትለምናለች፣ ልጅ እምቢ ይላል። ቅዳሴ እስኪወጣ ውኃ የማይቀምሱ፣ ሆዳቸው እየጮኸ "አልራበኝም" የሚሉ የስድስት ዓመት ጀግኖች አሉ። ማን ብዙ ቀን ቆረበ የሚለው ከኳስ የበለጠ ፉክክር ነው። ስለዚህ ቢጫ የወጣላቸው ልጆች ከረጢታቸውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ በትሕትና አመስግነው፣ ለፍቺ ቀን ሊያስቀምጡት ወሰዱት። ሲስተር ነጃት "እንዴት የታረሙ ልጆች ናቸው!" ስትል ሰማኋት።

የብዙዎቹ ጾም ብዙ አልሄደም። እናቶቻቸው ደረሱባቸውና እያለቀሱ ጎረሱ። ሲቀምሱት ለቅሷቸው ቆመ። ሲስተር ነጃት አዲስ ከረጢት የምትሰጠው ባዶውን ላመጣ ልጅ ብቻ ነበር። ቻሌ ግን በየቀኑ ባዶ ይዞ እየቀረበ፣ ሙሉ ተቀብሎ ይመለሳል። እናቴም ባዶውን ስታይ በላ ብላ ታመሰግናለች። እንግዲህ ያን ሰሞን እናቴን አንድ ነገር ጀመራት። ማለዳ ስትነቃ ቁጭ ብላ "ለውዝ ሸተተኝ" ትላለች። "የማሳችን ለውዝ፣ የደምሰው ለውዝ፣ ይኸው እዚህ አፍንጫዬ ሥር ነው!" እያለች ታለቅሳለች። የክፍሉ ሴቶች ተሰብስበው "አይዞሽ፣ አገር ናፍቆሽ ነው" ይሏታል። እኔም ሸተተኝ፤ እኔንም አገር የናፈቀኝ መስሎኝ አብሬ አለቀስኩ። ቻሌ ብቻ ትራሱን ታቅፎ ያየናል።

የኔታን ያወቅናቸው በዚያው ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ቀጥላ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚኖሩ፣ ከሐይቁ ደሴት ከደቅ የመጡ፣ ቄስም መምህርም የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቹ ሥራ ፈትተው መዋላቸውን ቢያዩ ዋርካው ሥር መጥተው ፊደል ያስቆጥሩን ጀመር። ጭራቸው አንድ ቀን ልጅ ነክታ አታውቅም፤ ዝንብ ግን አያልፋትም። ቻሌ ከሁሉ ቀድሞ ይደርስና መቋሚያቸውን ይዞላቸው ይቆማል። "የኔታ፣ ማንበብ ስችል ለአባ ደብዳቤ እጽፋለሁ" አላቸው አንድ ቀን። "ደግ አሰብህ፤ እስከዚያው እሱ ራሱ ይመጣ ይሆናል" አሉት። ቻሌም "አውቃለሁ፣ ይመጣል" አለ። አነጋገሩ ምሥጢር እንዳለው ሰው ነበር፤ እኔ ግን ልብ አላልኩም።

በሁለተኛው ልኬት የቻሌ ክንድ ቀነሰ። ሲስተር ነጃት ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። "ይሄ ልጅ ምግቡን ለማን ነው የሚሰጠው?" አለች። እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች፦ "እኔ የልጄን ጉሮሮ የምቀማ ሴት እመስልዎታለሁ?" ሲስተር ነጃት ደንግጣ እጇን ያዘቻት፤ "እንደሱ ማለቴ አይደለም የኔ እናት፤ ግን ቀይ ከገባ ሆስፒታል መተኛት አለበት። ወደዚያ እየሄደ ነው።" ያን ቀን ቀይ ምን እንደሆነ ገባኝ። ፈተና መስሎን ስንዘልበት የነበረው ነገር ፈተና አልነበረም።

ከዚያ ቡሄ ደረሰ። የተፈናቀለ ልጅ ጅራፍ የለው፣ ከበሮ የለው ብላችሁ አትዘኑ። ጅራፉ ከቃጫና ከሸራ ማሰሪያ ገመድ ተገመደ፤ ከተማው ውስጥ እንደሱ የሚጮኽ አልነበረም። ከበሮው የዘይት ጀሪካን ነው። ወንዶቹ ሆያ ሆዬ ሊጨፍሩ ሲወጡ እኛ ሴቶቹም ሙልሙል ልንሸከምላቸው ተከተልን። ከሐይቁ ወደ ላይ ባሉት ሰፈሮች፣ የመሥሪያ ቤትና የኮሌጅ ሠራተኞች በሚኖሩባቸው ግቢዎች፣ በር በር ላይ እየቆምን፦

"የሦስተኛ ሐ ልጆች ቆመናል ከደጅዎ፣
ሙልሙሉን ሳንይዝ አንሄድም ትተንዎ!"

እያልን ጨፈርን። ሰዎቹ ይስቃሉ፣ ሦስተኛ ሐ ምንድን ነው ይሉናል፣ ሙልሙል ይሰጡናል። ያን ቀን የተፈናቀልን መሆናችንን ረሳን። ጭቃው እስከ ጉልበታችን ደርሶ፣ ድምፃችን ተዘግቶ፣ አንድ ማዳበሪያ ዳቦ ሞላን።

ከአንድ አረንጓዴ በር ፊት ነው ቻሌ ጉልበቱ የከዳው። ሲዘል ነበር፤ ከዚያ ዝም ብሎ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። "ተነሣ" ስለው "እግሬ እምቢ አለኝ" አለና ፈገግ አለ። ከንፈሩ ነጭ ነበር። ከትልልቆቹ አንዱ አዝሎት ሮጥን። እኔ ከኋላ ሙልሙሌን አቅፌ እያለቀስኩ እሮጣለሁ፤ ዳቦውን መጣል ግን አልቻልኩም።

ሲስተር ነጃት ሦስተኛ ሐ ድረስ መጥታ ለካችው። ፕላስቲኳን ዝቅ ብላ አየች። "ጫፍ ላይ ነው፤ ትንሽ ከቀነሰ ቀይ ነው" አለች። እናቴ ጭንቅላቱን ቀና ልታደርግለት ትራሱን ሳብ ስታደርግ ትራሱ ኮሽኮሽ አለ። የትራሱን አፍ ፈታችው። ብርማ ከረጢቶች ዝርግፍ አሉ፤ ሙሉዎቹ ሳይነኩ፣ ለሲስተር ለማሳየት ከሌሎች ልጆች ከለመናቸው ባዶዎች ጋር። ክፍሉ በአንዴ ለውዝ ለውዝ ሸተተ። እናቴ አንድ ባዶ ከረጢት አንሥታ አሸተተችና እኔን አየችኝ። ያ ሁሉ የአገር ናፍቆት ከወንድሜ ትራስ ውስጥ ነበር።

"አንተ ልጅ! ልትገድለኝ ነው?" አለች። በዚህ መሀል የኔታ ለቻሌ ሙልሙል ይዘው በሩ ላይ ደረሱ። ሲስተር ነጃት ወደ እሳቸው ዞረች።

"የኔታ፣ እባክዎ ይንገሩልኝ። ልጅ እኮ ነው፤ አይጾምም አይደል? እኛም ጋ በረመዳን ልጆች ካልጾምን ብለው ያስቸግራሉ፤ ግን የታመመ አይጾምም።"

"አይጾምም" አሉ የኔታ፣ ዴስክ ላይ እየተቀመጡ፤ ቻሌንም በሙሉ ስሙ ጠሩት። "ቻላቸው፣ ሰማህ? ከሰባት ዓመት በታች ጾም የለበትም።"

ቻሌ ተኝቶ ጣሪያውን እያየ "መቼ ጾም አልሁ? ስለት ነው" አለ።

"የምን ስለት?"

"አባ እስኪመጣ ድረስ የፍስክ ላልቀምስ። ለእመቤቴ ነግሬያታለሁ።"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የኔታም ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ ወደ ሲስተር ነጃት ዘንበል ብለው "ይኼስ ቅኔ ቤት መግባት ያለበት ልጅ ነው፤ ረታኝ እኮ" አሏት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው የሚሆነውን ትጠብቃለች።

"ቻላቸው" አሉ የኔታ፣ "አባትህ ከማሳ ሸክም ይዞ ሲመጣ ማን ይቀበለው ነበር?"

"እኔ። በር ላይ እጠብቀውና እቀበለዋለሁ።"

"ሸክሙ ቤት ሳይገባ ይቀር ነበር?"

"ኧረ ይገባል።"

"እንግዲያው ያንተንም እኔ ልቀበልህ። እኔ የንስሐ አባት ነኝ፤ የልጆቼን ቀኖና መያዝ አውቅበታለሁ። አባትህ እስኪመጣ የፍስክ አልቀምስም፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ እሱም ወደ ማታ፣ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ። አንተ ትበላለህ። ስለቱም አይፈርስም።"

ቻሌ ቀና አለ። ነገሩን እንደ ነጋዴ ይመረምረው ጀመር።

"ፍልሰታ ሲፈታስ?"

"ሲፈታም አልበላም።"

"ዶሮ ቢያመጡልዎስ?"

"ዶሮ ቢያመጡልኝም።"

"ተደብቀው አይበሉም?"

"አንተ ልጅ!" አለች እናቴ።

"ተይው፣ ይጠይቀኝ" አሉ የኔታ። "አልበላም። ካላመንህ እየመጣህ ጠብቀኝ፤ አንተ እኔን ትጠብቃለህ፣ ሲስተር ደግሞ አንተን።"

ቻሌ መቋሚያቸውን ያዘና ተሳለመው። ከዚያ አንዱን ከረጢት አንሥቶ ጥጉን ቀደደ። የመጀመሪያውን ጭማቂ ተኮሳትሮ፣ እንደ መድኃኒት ሊውጠው ሞከረ። አልሆነለትም፤ ፊቱ ከዳውና ፈገግታው እስከ ጆሮው ደረሰ። "እማ፣ የእኛ ለውዝ ነው!" አለ። እናቴ እያለቀሰች ሳቀች። ሲስተር ነጃት ሻሽዋን ፈታ እንደገና አሰረችው፤ እጇ ሥራ ይፈልግ ነበር።

ፍልሰታ ሲፈታ የከተማው ሰው ከየቤቱ ምግብ ይዞልን መጣ። ዶሮ አለ፣ እንቁላል አለ፣ አይብ አለ። ግቢው ሠርግ መሰለ። የኔታም ተጋበዙ፤ እሳቸው ግን ከዋርካው ሥር ተቀምጠው እኛን ይመርቃሉ። ቻሌ አንድ እጁ የዶሮ እግር፣ ሌላው ዳቦ ይዞ ከፊታቸው ቆሞ አፋቸውን ይጠብቃል። አንዲት ሴትዮ እንቁላል ልታጎርሳቸው ስትጠጋ "አይሆንም! ይዘውልኛል!" ብሎ ጮኸ። ሴትዮዋ ምን እንደያዙለት አልገባትም።

ቻሌ ይወፍራል፣ የኔታ ይከሳሉ። እኔም አንድ ነገር ልብ አልኩ። የኔታ ሐይቁ ዳር ካለው የጀልባ ማቆሚያ አይጠፉም ነበር። ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ወደ ቁንዝላ ከሚሄዱት ባለ ጀልባዎች ጋር ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ፤ አንዳንዴ ደንገል ጭነው የመጡትን የታንኳ ሰዎች ሳይቀር ይጠራሉ። ነገሩ ግልጽ ነው አልኩ፤ ረሃቡ በርትቶባቸው ወደ አገራቸው ወደ ደቅ ሊጠፉ ነው። ደቅ ሲደርሱ ደግሞ ማን ያያቸዋል? ለቻሌ አልነገርኩትም። ጠዋት ጠዋት ግን ሮጬ አጥሩን እየተንጠለጠልኩ መኖራቸውን አይ ነበር።

ቻሌ ደግሞ በራሱ ዓይን አየ። አንድ ቀን ከረጢቱን አልበላም አለ። "የኔታ ቀጠኑ፤ በእኔ ምክንያት ሊሞቱ ነው" አለ። ሲስተር ነጃት ትንሽ አሰበችና እጁን ይዛ ወደ ዋርካው ሄደች። ልጁ ሁሉ ተከተለ።

"የኔታ፣ ዛሬ የእርስዎ ተራ ነው፤ ክንድዎን!" አለች።

የኔታ ቻሌን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ ገባቸው። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ያንን ቀጭን ክንድ እንደ ልጅ ዘረጉላት። ሲስተር ነጃት ፕላስቲኳን ጠምጥማ፣ ዝቅ ብላ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ አነበበች። ግቢው ትንፋሹን ዋጠ።

"አረንጓዴ!"

"አለፉ! የኔታ አለፉ!" ብለን ግቢውን አናወጥነው። የሕፃናት መለኪያ የሽማግሌ ክንድ ላይ ሁልጊዜም አረንጓዴ እንደሚሆን ማን ያውቃል? የኔታ ጭራቸውን ከፍ አድርገው ቆመው ጭብጨባውን ተቀበሉ። "አየህ ቻላቸው? ያለፍሁት በአንተ ጾም ነው" አሉት። "አንቺ ሲስተር፣ ወተት የሌለበት ከረጢት ሲመጣልሽ ደግሞ አትርሽኝ።" ቻሌ እዚያው ቁጭ ብሎ ሁለት ከረጢት አከታትሎ በላ።

ጳጉሜ ገባች። ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ነው፣ ወደ መሸንቲ በኩል ወዳለ ሌላ መጠለያ ትሄዳላችሁ ይሉን ጀመር። የእናቴ ፊት እንደገና ጠቆረ፤ አባቴ እዚህ ቢመጣ እኛን በምን ያገኘናል? ቻሌን ግን ሐሳብ አልያዘውም። ሥራው ለየኔታ ተሰጥቷል።

አንድ ጠዋት እኔና እሱ ውኃ ልንቀዳ ከጀልባው ማቆሚያ አጠገብ ነበርን። የቁንዝላ ጀልባ ሽንኩርትና ሰው ጭኖ ቀረበ። ከሰዎቹ መሀል አንድ ረጅም ሰው፣ ጢሙ ያደገ፣ የማያውቀው ውኃ ያስፈራው ይመስል የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ የያዘ፣ ቆመ። እግሩን ሲያነሣ አወቅኩት። "አባ!" ብዬ ጀሪካኑን ጥዬ ሮጥኩ። ተጠመጠምኩበት። ጭስና ሽንኩርት ይሸታል፣ ያለቅሳል፣ ራሴን ይስማል። "ቻሌስ? ቻሌ የታለ?" አለኝ። ዞር ብል ቻሌ የለም።

ቻሌ አባቱን አየው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባ መሆኑን እስኪያረጋግጥ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶት በሙሉ ኃይሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሮጥ ነበር። እኛም ተከተልነው። ስንደርስ ቻሌ ከየኔታ ጎጆ በር ላይ ቆሞ፣ ከኪሱ ያወጣውን ከረጢት ዘርግቶ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ ይጮኻል፦

"የኔታ፣ ይብሉ! መጣ! አባ መጣ፣ ይብሉ!"

የኔታ ወጡ። አባቴን አዩት፣ በመስቀላቸው አማተቡ። ከዚያ ከረጢቱን አዩና ሳቃቸው መጣ። የጎጆውን ግድግዳ ተደግፈው እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ።

"ቻላቸው፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው ልጄ። ጾም ነው።"

ቻሌ ተስፋው እንደ መቁረጥ አለና ወዲያው ፊቱ በራ። "ግድ የለም፣ ይብሉ! ረቡዑን እኔ እይዝልዎታለሁ!"

ያኔ አባቴ ሮጦ አቀፈው። የኔታ ከረጢቱን ተቀብለው "ለነገ ይቆየኝ" ብለው ብብታቸው ውስጥ አደረጉት። እናቴም ደረሰች፤ እሷ ምን እንዳደረገች አልነግራችሁም፤ የእሷና የአባቴ ነው። አባቴ ሲረጋጋ ነገሩን አወጋን። በእግሩ ሲመጣ ወባ ጥሎት ቁንዝላ ደግ ሰዎች አስጠግተውት ኖሯል። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ካህኑ "ደምሰው የሚባል፣ ትርንጎና ቻላቸው የሚባሉ ልጆች ያሉት ሰው፣ ልጆቹ ባሕር ዳር የኔታ ዘንድ አሉ" ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። ቃሉ በጀልባ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲዞር ሰንብቶ ነበር። የኔታ ከባለ ጀልባዎቹ ጋር ሲንሾካሾኩ የኖሩት ይኼንኑ ነው። ቻሌ ይኼን ሁሉ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤ "ጾሙ ነው" አለ። የኔታም "ጾሙ ነው" አሉ።

ሐሙስ ገና ሳይረፍድ ቻሌ አባቴንና እኔን እየጎተተ የኔታ ደጅ አደረሰን። ከፊታቸው እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። የኔታ ባረኩ፣ የከረጢቱን ጥግ በቀሩት ጥርሶቻቸው ቀደዱ፣ ቆንጠር አድርገው ጨመቁና ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። ሳቃቸው ጠፋ፤ ቻሌን ትኩር ብለው አዩት።

"ይኼን ነው ትራስህ ውስጥ አድርገህ ስትጾም የነበርኸው?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"እኔ እኮ የጾምሁት ጣዕሙን ሳላውቀው ነው" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "አንተ ተንተርሰኸው አደርህ። ሸክምህን አልያዝሁልህም ልጄ፤ ጫፉን ብቻ ነው የነካሁት።"

ቻሌ ጥቂት አሰበ። "ግድ የለም፣ አግዘውኛል" አለና አፉን ከፈተላቸው።

የኔታ ጨመቁለት። ከዚያ ለራሳቸው፣ ደግሞ ለእሱ፣ ተራ በተራ እያሉ ከረጢቱን እስከ ጥጉ ጨረሱት። ሲያልቅ ቻሌ ባዶውን በጥንቃቄ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ሲስተር ነጃት ትጠይቃለችና።